ራስ የሌለው ዳቦ

እስቲ ይቺን ዳቦ ልብ ብላችሁ እዩአት። አንድ ትመስላለች እንጂ ሁለት ናት፤ ከታች ወፍራሟ፣ ከላይ ትንሿ፣ ልክ ራስ ትከሻ ላይ እንደተቀመጠ። ትዌባክ እንላታለን። ቅዳሜ ትጋገራለች፣ እሑድ ከሰዓት ትበላለች። መጀመሪያ ራሷ ይገነጠልና የገብስ ቡና ውስጥ ይነከራል፤ ቀጥሎ አካሏ ተከፍሎ የፕለም ማርማላታ ይቀባል። በመንደራችን በሊንደንሆርስት ከዚህ ሥርዓት የወጣ ሰው የለም። አካሏን አስቀድሞ የጎረሰ ሕፃን ካለ እናቱ እጁን መታ ታደርገዋለች።

አሁን ራሷን በጣታችሁ ገፋ አድርጓት። ወደቀች? እንግዲያው የጋገረቻት ሴት እስከሚቀጥለው ቅዳሜ የመንደሩ መሳቂያ ናት። ትንሿ ሊጥ ትልቋ ላይ በደንብ ካልተተከለች ምድጃ ውስጥ ትንሸራተትና እንደ ሰካራም ባርኔጣ በአንድ ጎን ተንጋዳ ትወጣለች። እንዲህ ያለ ዳቦ ጋግራ ባሏን ያሳፈረች ሙሽራ ስሟ በልጅ ልጆቿ ዘመን ሳይቀር ይነሳል። እኛ በሰው መግደል አንታማም። እምነታችን ስለሚከለክል ጦርነት አንሄድም፣ መሣሪያ አንይዝም። በዳቦ ግን እንተላለቃለን።

የአጋኔታ ታይህረብ ዳቦ ራሱ ወድቆ አያውቅም። ትንሿን ሊጥ ትልቋ ላይ ካስቀመጠች በኋላ አውራ ጣቷን እስከ ትሪው ድረስ ታጠልቅበታለች፤ ያለ ርኅራኄ። «ራስ የሚባል ነገር ካልተጫኑት አይረጋም» ትል ነበር፤ ይህን ስትል ወንዶቹ እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።

አጋኔታን ኔታ ነው የምንላት። ኔታ የምትኖረው በመንደሩ አንድ ለእናቱ መንገድ ጫፍ ላይ ነበር። ከሷ ቤት ወዲያ ስንዴና ሰማይ ብቻ። አባቷ በወጣትነቱ ሞተ፣ እናቷ አልጋ ያዘች፤ ኔታ ታናሽ ወንድሟን ኢስብራንድን በጀርባዋ አዝላ ላም እያለበች አደገች። ጠያቂ አላጣችም፤ አላገባችም እንጂ። «ሳታገባ ቀረች» ሲሏት «ቀረች አትበሉ፤ አመለጠች በሉ» ብላ ታርማቸዋለች። ባል ባይኖራትም ቤቷ ሰው አያጣም ነበር። በኛ አገር የእሑድ ከሰዓቱ ማዕድ ፋስፓ ይባላል፤ ለፋስፓ ማንም ማንንም አይጠራም፤ የፈለገ ሰው በር ሳያንኳኳ ገብቶ ይቀመጣል። የመንደሩ ሰው ግማሹ ኔታ ቤት ነበር የሚቀመጠው። አንድም ለዳቦዋ፣ አንድም ለተንኮሏ።

ተንኮሏ አንዱን ልንገራችሁ። በጸሎት ቤታችን ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ይቀመጣሉ። የወንዶቹ ባርኔጣ መግቢያው ግድግዳ ላይ በተራ ይሰቀላል፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ከአንድ ሱቅ የተገዛ። አንድ እሑድ ኔታ በረዥሙ ጸሎት መሀል ሳል እንደያዘው ሰው አፏን ይዛ ወጣችና ባርኔጣዎቹን ሁሉ አንድ አንድ ችንካር ወደ ግራ አዛወረቻቸው። ያን ሳምንት የመንደሩ ወንድ ሁሉ የጎረቤቱን ባርኔጣ ደፍቶ ከረመ፤ የአንዱ ጆሮውን ደፍኖት፣ የሌላው አናቱ ላይ እንደ ድስት ክዳን ጉብ ብሎ። «ይሄ የኔ አይደለም» ለማለት የደፈረ አንድ ስንኳ አልተገኘም። ጎረቤቱን ሌባ ማለት እንዳይሆንበት ፈርቶ። ኔታ ይህን ስታወራ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ወሬው ያስቃል፤ ነገሩ ግን አያስቅም። ልኩ ያልሆነውን ባርኔጣ ዝም ብሎ የተሸከመ መንደር ሌላም ብዙ ነገር ዝም ብሎ ይሸከማል።

ከተሸከመውም አንዱ የኢስብራንድ ጉዳይ ነበር።

በትልቁ ጦርነት ጊዜ የመንግሥት ጥሪ ሲመጣ ኢስብራንድ እንደ እኩዮቹ ጫካ ሄዶ ችግኝ መትከል ይችል ነበር። ለማንዋጋው ለኛ ይህ ተፈቅዶልን ነበር። እሱ ግን «ሰው እየደማ እኔ ዛፍ አልተክልም» አለና ቁስለኛ ተሸካሚ ሆኖ ሄደ። ጠመንጃ አልነካም፤ የያዘው ቃሬዛ ነው። የለበሰው ግን የወታደር ልብስ ነበር፤ የመንደሩን ነገር የሚወስነው የወንድሞች ጉባኤም ቃሬዛውን ትቶ የኮቱን ቁልፍ ቆጠረበት። ከማዕድ ለዩት።

ከማዕድ የተለየ ሰው አይሰደብም፣ አይመታም፣ ሰላምታም አይነፈግም። አብሮት የሚበላ ብቻ የለም። አብሮት የበላ እንደሱ ይለያል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ኢስብራንድ ከጦርነቱ ሲመለስ ይህን ሕግ ቀምሶ ከተማ ገባ፤ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በተሽከርካሪ አልጋ እየገፋ ኖረ፣ አገባ፣ ሚስቱን ቀበረ፣ ዳሌውን ታመመ። አንድ የበጋ ቀን፣ ሁለቱም ካረጁ በኋላ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ እያነከሰ የእህቱን በር ገፋ።

«መጣህ?» አለችው ኔታ ከምድጃው ሳትዞር።

«መጣሁ።»

«በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? እጅህን ታጠብ።»

በመጀመሪያው እሑድ ኔታ እንደ ወትሮዋ ጋገረች፣ ስኒዎቹን ደረደረች፣ ወንበሮቹን ከየጓዳው ሰበሰበች። ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም ማንም። ኔታ ራሷ ከወንድሟ ጋር መብላቷን ግን ሁሉም እንዳላየ አለፈው። በሦስተኛው ጎረቤቷ ሱሽ ዋል አጥሩ ጋ ብቅ ብላ አንድ ጠርሙስ ማርማላታ እንጨቱ ላይ አስቀመጠች።

«ሱሽ፣ ግቢ እንጂ» አለቻት ኔታ።

«አይ፣ አብራም ይጠብቀኛል።»

«አብራምማ ያውልሽ፤ የኔን አጥር እየጠገነ ነው።»

«አዎ፣ ዘሞ ነበር እኮ።»

«አጥሬን ይጠግናል፣ ዳቦዬን ግን አይበላም?»

ሱሽ ሻሿን ያልተበላሸውን አስተካከለች። «እትዬ ኔታ፣ በሞቴ አታስጨንቂኝ። ሕጉን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ያቺ በጋ እንዲህ አለፈች። የኔታን ጣሪያ ከደኑላት። ሣሯን አጨዱላት። ለኢስብራንድ ዳሌ የሚሆን ዱላ ጠርበው አመጡለት፤ እጀታው ላይ ስንዴ ተቀርጾበታል፤ ደግ እጅ የሠራው። እጃቸውን እንደዚህ እየሰጡት አፋቸውን ግን ነፈጉት። በመንገድ ሲያገኙት «ደህና ነህ ወይ ኢስብራንድ» ይላሉ፤ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም የሚሄድበት ይመጣበታል። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይቀል ነበር፤ ክፉን ሰው ሰድበህ ትገላገለዋለህ። ጣሪያህን የከደነልህን ሰው ምን ብለህ ትሰድበዋለህ? ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሊንደንሆርስት ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር።

«እታለም» አላት ኢስብራንድ አንድ ቀን፣ በባዶ ወንበሮች መሀል ተቀምጦ፣ «ቤትሽን እኔ ነኝ ያራቆትኩት። መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ከተማ እመለሳለሁ።»

«ከተማ ማን አለህ?»

«ማንም። ግን እዚያ ማንም የሌለኝ ሰው ስለማያውቀኝ ነው። እዚህ ግን እያወቁኝ ነው፤ ይሄኛው ይከብዳል።»

ኔታ ከልጅነቷ ጀምሮ የተሸከመችው ልጅ ነው። ከዚህ በኋላ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሟ እዚህ፣ በተወለደበት ቤት፣ ከሰው ጋር እንዲበላ። ሻሿን አስራ የጉባኤው ሽማግሌ ወደ ኮርኔሊየስ ሽሬደር ሄደች።

ኮርኔሊየስ ጋጣው ውስጥ የማጨጃውን መኪና ቅባት ይቀባ ነበር። ከኔታ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ አንዴም ኩሬ ውስጥ ገፍትራው ታውቃለች። ከተሾመ ወዲህ ሰው ሁሉ «ጋሽ ኮርኔሊየስ» ሲለው እሷ ኮርኒ ማለቷን አልተወችም።

«እህት አጋኔታ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አላት። «ኢስብራንድ በወንድሞች ፊት ይቁምና ‹ተሳስቻለሁ› ይበል። በዚያው ቀን አብረን እንበላለን።»

«ምኑን ነው የተሳሳተው? ቁስለኛ መሸከሙን?»

«ልብሱን።»

«ልብሱን ካወለቀው ስንት ዘመኑ። ብል በልቶት አልቋል።»

«ይበል እንጂ። አንዲት ቃል ናት።»

«አንዲት ከሆነች እናንተ በሏት፤ ብዙ ናችሁ፣ ተካፍላችሁ ታነሷታላችሁ።»

ኮርኔሊየስ ተነፈሰ። ኔታ ጠጋ አለችው። «እሺ ኮርኒ። እሱ አይልም፤ እኔም በል አልለውም። እኔ ጉባኤው ፊት ልናገርለት።»

«ይሄማ አይሆንም። የሴት ራሷ ወንድ ነው። ሴት በጉባኤ የምትናገረው በራሷ በኩል ነው።»

«እኮ። እኔም በራሴ ልናገር ነው የምልህ።»

«ኔታ፣ ነገር አታጣምሚ። ራስ ማለት አባት ነው፣ ባል ነው፣ ወንድም ነው።»

«አባቴ አፈር ገብቷል። ባል የለኝም። የቀረኝ ወንድም ነው፤ እሱን ደግሞ እናንተ አውጥታችሁታል። የትኛው ራሴ ይናገርልኝ?»

ሰውየው ቅን ነው፤ ግን ቀጥ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ቀጥ ብሎ ገደል የሚገባ ዓይነት ቅን። አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ፣ በመጨረሻም «እንግዲህ» አለ፣ «በዚህ ጉዳይ ራስ የለሽም ማለት ነው።»

ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። ኔታ ግን አልተቆጣችም፤ ፈገግ አለች። ልብ የሚል ሰው ቢሆን ኖሮ ፈገግታዋን አይቶ ባርኔጣውን ይይዝ ነበር። «መልካም» አለችና ወጣች።

«ምን አለሽ?» አላት ኢስብራንድ።

«ራስ የለሽም አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ፣ በምን አፌ? አፍ እኮ ያለው ራስ ላይ ነው።»

የመኸር ምስጋና ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን መንደሩ በሙሉ ከስብከት በኋላ ጸሎት ቤቱ ምድር ቤት ወርዶ አብሮ ይበላል፤ ዳቦውን የምትጋግረው ደግሞ እናቷ አልጋ ከያዘች ጀምሮ ኔታ ናት። ኢስብራንድ ቤት ቀረ። ወንዶቹ በረዥሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ትሪዎቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። ኮርኔሊየስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስንዴው፣ ስለ ሰላሙ አመሰገነ፤ አሜን ተባለ፤ ጨርቁ ተገለጠ።

ዳቦዎቹ ራስ አልነበራቸውም። አንዱም። ክብ፣ ወርቃማ፣ በቅቤ የሚያበሩ፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ አናታቸው ልሙጥ።

ወንዶቹ ከትሪ ትሪ እያማተሩ ራስ ፈለጉ። በመጨረሻ የሱሽ ባል አብራም፣ ደግ ግን ቃል ከአፉ በጭንቅ የሚወጣ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ ኔታ፣ ራሶቹ ወደቁ እንዴ?»

«አልወደቁም አብራም። አልተተከሉም።»

«ምነው?»

«ራስ የወንድ ነው ተባልኩ። እኔ ያለኝን ጋግሬ አምጥቻለሁ፤ እናንተ ደግሞ ያላችሁን አምጡና እላዩ ላይ አስቀምጡበት።»

ከኩሽናው በኩል አንድ የታፈነ ድምፅ መጣ፤ ሴቶቹ የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ አፋቸው ውስጥ ከተውት ነበር። ወንዶቹ ዳቦውን አነሱ። እዚህ ላይ ነው መከራው የጀመረው። ራስ ከሌለ ምኑ ይነከራል? አካሉ ከስኒው አፍ ይሰፋል። አንዱ ዳቦውን በስኒው ላይ ይዞ እንደ ንስር ሲያንዣብብ ቆየ። ሌላው በጎን ሊያስገባው ሞክሮ አልሆነለትም። አንድ ሽማግሌ ጨክኖ ሲጫነው የገብስ ቡናው ተንፎልፍሎ የእሑድ ሱሪውን አበሰበሰው። አካሉን አስቀድሞ መቁረስ ደግሞ ማን ይችላል? እናቶቻቸው ከመቃብር ተነስተው እጃቸውን ይመቷቸዋል። ከልጆቹ አንዷ ጥርት ባለ ድምፅ «የዳቦው ራስ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱሽ ዋል በጓሮ በር በኩል ቅርጫት ይዛ ኔታ ኩሽና ገባች።

«እኔም ያለ ራስ ጋገርኩ» አለች፣ እንደ ልጃገረድ ቀልታ። «አብራም ዳቦውን አገላብጦ አየና ‹አንቺም?› አለኝ። ‹እኔም› አልኩት።»

«ቅርጫቱ ውስጥ ምንድነው?»

«ራሶቹ ናቸዋ። ሊጡን ልጥለው አንጀቴ አልቻለም፤ ለብቻ ጋገርኳቸው። እንቺ። ላንቺ ነው ያመጣሁት። ሌላ ሰው ቢበላው እኔ አላየሁም።»

ይህን ብላ ኢስብራንድ የተቀመጠበትን ጥግ ላለማየት አንገቷን ጠምዝዛ ወጣች።

ወሬ ክንፍ አለው፤ የዳቦ ወሬ ደግሞ ሞተር አለው። ሁለት ቅዳሜ ሳይሞላ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ራስ ያለው ዳቦ የሚጋገርበት ቤት ጠፋ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አስረው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ በጓሮ በኩል ቅርጫት ቅርጫቱን ኔታ ዘንድ ያደርሳሉ። ልብ በሉ፣ አንዳቸውም ገብተው አልተቀመጡም። ድፍረታቸው እስከ ደጃፉ ነበር። ይህን እንደ ጀግንነት አልቆጥርላቸውም፤ ግን ከባሎቻቸው በአንድ ቅርጫት ይሻላሉ።

«እታለም» አለ ኢስብራንድ፣ በራስ በተሞላ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ፣ «የመንደሩን ራስ ሁሉ እኔ ልበላው ነው?»

«ብላ። እስካሁን ማንም አልተጠቀመበትም፤ አንድ ሰው እንኳ ይጠቀምበት።»

ከዚያም እሳቱ የሽማግሌው ቤት ገባ። የኮርኔሊየስ ሚስት ግሬታ ዝምተኛ ሴት ናት፤ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ድምፅዋ ከፍ ሲል የሰማ የለም። አንድ እሑድ ትሪውን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

«ግሬታ።»

«አቤት።»

«ይሄ ምንድነው?»

«ዳቦ።»

«ራሱስ?»

«አንተ አለህልን።»

ኮርኔሊየስ ዝም ብሎ ቆርሶ ጎረሰ፤ ሰው መራቡ አይቀርም። ግማሹን ከበላ በኋላ አንድ ነገር ከነከነው።

«ግሬታ፣ ሊጡን ስታቦኪው ራሱንም አካሉንም ከአንድ ቡሃቃ ነው የምታወጪው?»

«ከስንት ላወጣው?»

«ታዲያ ራሶቹ የት ናቸው?»

«ኔታ ቤት።»

«ማን ይበላቸዋል?»

«እንጃ። ኔታ ሆዷ ትንሽ ነው።»

የያዘውን ዳቦ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ይህ ሰው በየቅዱስ ቁርባኑ «ዳቦው አንድ ስለሆነ እኛም ብዙዎች ሳለን አንድ ነን» እያለ ሲያስተምር የኖረ ነው። አካሉን እሱ በልቷል። ራሱን ኢስብራንድ በልቷል። ከአንድ ሊጥ፣ ከአንድ እርሾ፣ በአንድ ቀን። እሱ ብቻም አይደለም፤ ከመኸር ምስጋና ወዲህ መንደሩ በሙሉ ከተለየ ሰው ጋር ሲበላ ከርሟል። አብሮት የበላ ደግሞ እንደሱ ይለያል።

የወንድሞችን ጉባኤ ጠራ።

ሴቶች ጉባኤ አይገቡም። ሳህን ለማጠብ ግን ምድር ቤት መውረድ አይከለከሉም፤ ስለዚህ ያን ቀን በመንደሩ ታሪክ ታይቶ በማይታወቅ ትጋት ንጹሕ ሳህን ሲያጥቡ ዋሉ። ከምድር ቤቱ ማሞቂያ ወደ ላይ የሚወጣ ሰፊ የቆርቆሮ ቧንቧ አለ፤ አፉ የሚከፈተው ከሽማግሌው ወንበር እግር ሥር ነው። ሙቀት ወደ ላይ ሲወጣ ወሬ ወደ ታች ይወርዳል። ኔታ በርጩማ ይዛ ቧንቧው ሥር ተቀመጠች።

ኮርኔሊየስ ሳይደብቅ ተናገረ። «ከኢስብራንድ ጋር ያልበላ ቤት የለም። የኔም ቤት በልቷል።»

«የኔ አልበላም» አለ አንዱ።

«ሚስትህ ባለፈው ቅዳሜ ምን ጋገረች?»

ሰውየው ተቀመጠ። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ፣ ራስና አካል ምድጃ ሳይገቡ ከተለያዩ ሁለት ዳቦ ናቸው አለ። ሌላው፣ እርሾው አንድ ከሆነ አንድ ነው አለ። ሦስተኛው፣ ነፍስ ወደ ዳቦ የሚገባው ሲቦካ ነው ወይስ ሲጋገር ብሎ ጠየቀ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ስለ ዳቦ ነፍስ። ኢስብራንድን ሲያወጡት እንዲህ አልተከራከሩም ነበር። ያኔ ነገሩ ያለቀው አንድ መዝሙር ተዘምሮ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ ነው። ቁስለኛ በቃሬዛ እየተሸከመ፣ ደም እየጠረገ ስለ ከረመ ሰው አንድ ጥያቄ ያልጠየቁ ሰዎች ስለ ሊጥ እጃቸውን እያወናጨፉ ተሟገቱ።

ኔታ መጀመሪያ ስትስቅ ነበር። ሳቋ ቀስ በቀስ ፊቷ ላይ ደረቀ። በርጩማው ላይ ወጣች፣ አፏን ቧንቧው ላይ አደረገች።

«አንድ ነው» አለች።

ላይ፣ ከሽማግሌው እግር ሥር ድምፅ ወጣ። ወንዶቹ ወለሉን አዩ።

«ሊጡ አንድ ነው። ያቦካነው እኛ ነን፤ እኛ እናውቃለን። ወንድሜ ሰኞ በአውቶቡሱ ሊሄድ ነው። ስለ ሊጡ ስትጨርሱና ስለ ሰውየው ስትደርሱ ንገሩኝ።»

ማንም «ሴት ተናገረች» አላለም፤ ያን ለማለት መስማቱን ማመን ነበረበት። ኮርኔሊየስ እግሩን ከቧንቧው አፍ ላይ አነሳ እንጂ አልደፈነውም። ለዚህች ብቻ ትንሽ አከብረዋለሁ።

ያኔ አብራም ዋል ተነሳ። ባርኔጣውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ።

«አብራም፣ ወዴት?»

«ተለየሁ እኮ» አለ፣ ቃላቱን እንደ ድንጋይ አንድ አንድ እያነሳ። «በልቻለሁ። ሕጉ ሕግ ከሆነ ወጣሁ። እናንተ ድምፅ ስጡብኝ። ግን ያልበላ ብቻ ነው ድምፅ የሚሰጠው፤ እስቲ ያልበላ እጁን ያውጣ።»

እጅ ያወጣ የለም። ቀስ በቀስ አንዱ ከአንዱ ኋላ ባርኔጣውን እያነሳ ወጣ። ጸሎት አልተደረገም፣ ውሳኔ አልተነበበም።

እሑድ ከሰዓት ኔታ ጠረጴዛውን አቀረበች። ኢስብራንድ ኮቱን ለብሶ፣ ለነገ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀምጧል። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ኮርኔሊየስ፣ ከኋላው ግሬታ።

ኢስብራንድ ቀና ብሎ አየው። «ይቅርታ ልታስጠይቀኝ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም።»

«ልትጠይቀኝ ነው?»

ኮርኔሊየስ ባርኔጣውን አወለቀ። «ርቦኝ ነው» አለ።

«እንግዲያው ተቀመጥ» አለ ኢስብራንድና ሳህኑን ገፋ አደረገለት። ኮርኔሊየስ ከእጁ ወስዶ በላ። ቀጥሎ ሱሽና አብራም ገቡ፤ ቀጥሎ ሌሎች፤ ወንበር አለቀ፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ኔታ እየዞረች «ጠጋ በሉ፣ ይሄ ጸሎት ቤት አይደለም፤ ወንድና ሴት ተደባለቁ» እያለች ትቀዳለች። ሰኞ አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ የሚሳፈር ሲያጣ ሄደ። ኢስብራንድ እስኪሞት ድረስ እዚያው ቤት እሑድ እሑድ ከሰው ጋር በላ።

ደስ የሚል ፍጻሜ ነው የምትሉ አላችሁ። አይደለም። ጉባኤው እስከ ዛሬ «ተሳስተናል» አላለም። ያን ሁሉ ዘመን ከመንደሩ ማዕድ ተለይቶ የበላውን ሰው «ያን ሁሉ ጊዜ ያለ እኛ በላህ አይደል» ያለው አንድ የለም። ይህን ለኔታ የነገራት ሰው ነበር፤ «ተዋቸው ይብሉ» አለችው፤ «አፍ ከሞላ ቢያንስ ፍርድ አይወጣበትም።» እሷ አዛኝ ናት። እኔ አይደለሁም።

እናንተም «ጉደኛ ሰዎች ናቸው» ብላችሁ አትለፉን። በሰፈራችሁ አንድ ሰው አለ፤ ሰላም ትሉታላችሁ፣ ሲታመም ትጠይቁታላችሁ፣ ደጁንም ትጠርጉለት ይሆናል፣ አብራችሁት ግን አትበሉም። ማን እንደሆነ ነግሬያችሁ አይደለም የምታውቁት። እባካችሁ በዚህ ሳምንት ሳትጠሩ ቤቱ ሂዱ። ምክንያት አታዘጋጁ፣ ስለ ድሮው ነገር አታንሱ፤ ተቀመጡና ከሱ እጅ ተቀብላችሁ ብሉ።